የእማዬ ጸሎትና የሮቤል ጀልባ

ወንድሜ ሮቤል ዓረብ አገር በአንድ ሀብታም ሰውዬ ጀልባ ላይ ምግብ አብሳይ ነው። ካታማራን ይሏታል፤ ሁለት ጎን ለጎን የተጣመሩ ጀልባዎች በሏት፣ መኝታም ኩሽናም ያላት የሽርሽር ጀልባ ናት። ሰውየው ግን እልኸኛ ነውና የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ በሚደረግ የሸራ ጀልባ ውድድር ውስጥ አስገባት። ታዲያ ባለፈው ሮቤል ውድድሩ መሀል በቪዲዮ አይደውልልን መሰላችሁ! እኔና እማዬ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ቤታችን ሶፋ ላይ ነን። እሱ ንፋሱ እያፏጨበት፣ በአንድ እጁ ድስት ይዞ፣ «ሁለተኛ ነን! እማዬ፣ ንፋሱ ትንሽ እንዲጨምር ጸልዪልን!» ይላል። እማዬ ከኋላው ሳህኑ ሲረግፍ አየች። ወዲያው ተንበርክካ፣ «ጌታ ሆይ፣ ይሄን ንፋስ ገሥጽልኝ!» ብላ ጮኸች። «ኧረ እማዬ፣ ተይ!» ሮቤል ለመነ። ማን ሰምቶት! ታምኑኛላችሁ? እያየሁት ንፋሱ ወደቀ፣ ሸራው ሟሸሸ። የነሮቤል ጀልባ ከነኩሽናዋ ከብዳ ስትጎተት፣ ቀለል ያሉት በቀረችው ንፋስ እያለፏት ሄዱ። ሮቤል አኩርፎ ስልኩን ዘጋብን።

አመሻሹ ላይ ደወለ። «መጨረሻ ወጣን» አለ፣ ድምፁ ሙትት ብሎ። እማዬ ስልኩን እኔ ላይ ጥላ ወደ ደጅ ሮጠችና እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነጠላቸውን እየጎተቱ መጡ። «ምነው፣ ሮቤል አሸነፈ እንዴ?»

«በሰላም ገባ!» አለች እማዬ፣ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ። «ልጄ ከባሕር ወጣልኝ!»

እትዬ አስካለ ሌላ አልጠየቁም። እሳቸውም እልልታውን ተቀበሏት።