በሬታማስ ኮረብታ የጋራ ድስት ሥር ስለተቃጠለው የተማሪ ያኒና ደብተር

የሬታማስ ኮረብታ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሊማ
የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ማክሲሚና ያራንጋ ቪልካ
ዕድሜ፦ 58
የትውልድ ቦታ፦ አያኩቾ
አድራሻ፦ ሬታማስ ኮረብታ፣ ላይኛው መንደር፣ ከውኃ ታንከሩ ጎን፣ ቤት ቁጥር 7
ሥራ፦ የሳንታ ሪታ የጋራ ድስት ሊቀመንበር
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ ኦገስት 17 ቀን 2022፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ሬናቶ ኡርቢና
ጉዳዩ፦ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛው አቶ ዊልፍሬዶ ታፉር በተማሪ ያኒና ኦሬ ላይ ያቀረቡት «የመንግሥት ሰነድ ማጥፋት» አቤቱታ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ ስለማውቀው ጉዳይ እንድናገር በመጠራቴ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ከተማሪ ያኒና ኦሬ ጋር የሥጋ ዝምድና የለኝም። ከአቶ ዊልፍሬዶ ታፉር ጋር ጠብ እንዳለኝ ተጠይቄ፣ እስካለፈው ዓርብ ድረስ እንዳልነበረኝ፣ ከዓርብ ወዲህ ግን እንዳለኝ ተናግሬአለሁ። ይህም ሳይቀየር እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

የጋራ ድስታችን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለስልሳ አራት ቤተሰብ ምሳ ያበስላል። ከእነዚህ መካከል መክፈል የማይችሉ አሉ። እነማን እንደሆኑ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አሠራራችን የሚከተለው ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው በተራ ወደ ቤቴ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሰውየው ለሳምንቱ የሚሆኑ ስድስት ቆርኪዎች ይዞ ይወጣል። የሚከፍለውም የማይከፍለውም ውስጥ የሚቆየው እኩል ነው፤ ይዞ የሚወጣውም ቆርኪ አንድ ዓይነት ነው። በምሳ ሰዓት ሁሉም ቆርኪውን ሰጥቶ በምሳ ዕቃው ያስቀዳል። ይህን ሥርዓት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሥርዓቱ ከወጣ ጀምሮ እስከ ዓርብ ድረስ በሰልፋችን ላይ አንገቱን የደፋ ሰው አልነበረም። በዚህ እኮራለሁ፤ ስኮራም ድምፄን ዝቅ አላደርግም።

ያኒና ወደ እኛ የመጣችው በማርች ወር መጀመሪያ ነው። የሶሻል ወርክ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መሆኗን፣ የመመረቂያ ጽሑፏም ሽማግሌዎች፣ አካል ጉዳተኞችና ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ሲቸግራቸው ወደ ማን እንደሚሄዱ፣ ማን እንደሚቀበላቸውና ማን በር እንደሚዘጋባቸው የሚያጠና መሆኑን ነገረችኝ። እንደ እርሷ ያሉ ብዙ አይቻለሁ። ቅጽ ያስሞላሉ፣ ከድስቱ ጋር ፎቶ ይነሣሉ፣ ቁልቁል ወርደው ይቀራሉ። ስለዚህ ቢላዋ ሰጠኋትና «ልጄ፣ እዚህ ቤት መጠየቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ድንች ይልጣል» አልኳት። በመጀመሪያው ቀን የድንቹ ግማሽ ከልጣጩ ጋር ሄደ። ምክትሌ ዶኛ (ወይዘሮ) ኤውላሊያ «ይቺ ልጅ እየላጠች ነው ወይስ ሐውልት እየቀረጸች?» ብላ በሰው ፊት ሳቀችባት። ልጅቷ አብራን ሳቀች፤ በማግስቱም ተመልሳ መጣች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትልጥ ከቆየች በኋላ ነው ጥያቄ እንድትጠይቅ የፈቀድኩላት።

መጀመሪያ ላይ ማነጋገር የፈለገችው የማይከፍሉትን ብቻ ነበር። እኔም «አንቺ ያነጋገርሽው ሁሉ የነፃ በላተኛ ተብሎ ሊታወቅ ነው። ወይ ስልሳ አራቱንም ጠይቂ፣ ወይ ማንንም አትጠይቂ» አልኳት። እርሷም «ልክ ነዎት ዶኛ ማክሲ፣ እኔ ይህን አላየሁትም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየማክሰኞውና በየሐሙሱ የኮረብታውን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ እየወጣች፣ ስልሳ አራቱንም ቤት አንድ በአንድ አነጋገረች። ሴቶቹ ድምፃችን በስልክ አይቀዳም ስላሉ ሁሉንም የጻፈችው በእጇ፣ በአንድ ወፍራም ደብተር ነው። ሌላ ቅጂ አልነበራትም።

በደብተሩ ላይ የሰው ስም እንዳይጻፍ የዩኒቨርሲቲ መምህሯ አዝዘዋት ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የሚጠራበትን የውሸት ስም እንዲመርጥ ጠየቀችን። ጥፋቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱም የእርሷ ሳይሆን የእኛ ነው። ሁላችንም ከደጋ፣ ከድንች አገር የመጣን ሰዎች ነን። ዶኛ ኤውላሊያ «እንግዲያው እኔ ሁዋይሮ ነኝ፤ ከኔ ቀዬ ድንች የሚበልጥ የለም» ስትል ሌላዋ «ሁዋይሮ ደግሞ ድንች ሆኖ ነው!» ብላ የራሷን አገር ድንች ጠራች። አራት ምራቶች ያሏት አንዲት ባልቴት፣ ለመላጥ ከማስቸገሩ የተነሣ «ምራት አስለቃሽ» የሚባለውን ድንች ስትመርጥ ኮረብታው ሳምንት ሙሉ ሳቀ። ሁሉም የየመንደሩን ድንች አስመዘገበ። ድንች ለሚያውቅ ሰው ድንችህን መናገር መንደርህን መናገር መሆኑን ከመካከላችን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አላሰብኩም። ስማችንን የደበቅን መስሎን አድራሻችንን አጻፍን።

ዓርብ ኦገስት 12 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ምስርና ሩዝ እያደልን ነበር። ካፊያ ነበር። ሰልፉ ላይ ሃምሳ የሚሆን ሰው ቆሟል። አቶ ዊልፍሬዶ ታፉር የመጡት በዚህ ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ኢንጂነር ይላቸዋል፤ መሆናቸውን እኔ አላውቅም። አፍ ዳገት አይፈራም እንዲሉ ከታች ጀምረው እየተናገሩ ነው የወጡት። ከሜይ ወር ጀምሮ ሳይከፍሉ የሚበሉትን ሰዎች ስምና የችግራቸውን ዓይነት ዝርዝር በድስት ቤቱ በር ላይ እንድለጥፍ ሲጠይቁኝ ቆይተዋል። እኔም ቁጥራቸውን እንደምሰጥ፣ ስማቸውን ግን እንደማልሰጥ ነግሬአቸዋለሁ። የዚያን ዕለት ዝርዝሩ ካልተለጠፈ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቱ የሚሰጠን ሩዝና ዘይት እንደሚቆም ነገሩኝ።

ያኒና የዚያን ዕለት ልታግዘን መጥታ ምግብ እያደለች ስለነበር ደብተሯ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ኢንጂነሩ ሳይጠይቁ አነሱትና ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያ ሳቁ። «ምንድን ነው ይሄ ዶኛ? ጥናት ነው ወይስ የድንች ተራ?» አሉኝ። እናታቸው በጅምላ ገበያ ድንች ነጋዴ እንደነበሩ፣ እርሳቸውም ጆንያ ተሸክመው እንዳደጉ ቀደም ሲል ራሳቸው ነግረውናል። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ቆሙና ጮክ ብለው አነበቡ፦ «የፑማ መዳፍ። ብቻውን ይኖራል። ሳይከፍል መብላት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ግማሹን በምሳ ይበላል፣ ግማሹን ለማታ ያስቀምጣል።» ቀና ብለውም ሰልፉን አዩና «የፑማ መዳፍ የሚባለውን ድንች እኔ በጀርባዬ ተሸክሜዋለሁ። የሚመጣው ከአንድ መንደር ነው። ከዚያ መንደር የመጣ ደግሞ እዚህ ኮረብታ ላይ አንድ ሰው ነው ያለው። መምህር፣ እርስዎ ኖት እንዴ በነፃ የሚበሉት?» አሉ።

መምህር አቢሊዮ ካንቶ ሰልፉ ላይ ነበሩ። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ጡረታ ስላላቸው ሰው ሁሉ የሚከፍሉ ይመስለው ነበር። ጡረታቸው የሚያልቀው በወረርሽኙ ጊዜ ለባለቤታቸው ኦክስጅን መግዣ የተበደሩትን በመክፈል ነው፤ ባለቤታቸውም አልተረፉም። ይህን ለእኔና ለያኒና ብቻ ነበር የነገሩት። አሁን ለፖሊስ የምናገረው ራሳቸው ስለፈቀዱልኝ ነው። መምህርም ባዶ የምሳ ዕቃቸውን ከካፖርታቸው ሥር አስገብተው ከሰልፉ ወጡ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ጭልፋዬን እንደያዝኩ በኢንጂነሩ ፊት ቆምኩ። በአቤቱታው ላይ «በብረት መሣሪያ አስፈራራችኝ» የተባለው ይህ ጭልፋ ነው። ምስር ሞልቶት ነበር፤ ምስሩም የፈሰሰው በእኔው ሽርጥ ላይ ነው።

ኢንጂነሩ «ይህ ደብተር ከአሁን ጀምሮ የማዘጋጃ ቤቱ ሰነድ ነው፤ ዝርዝሩን ከዚህ አወጣዋለሁ» ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ከቦርሳቸው እስክሪብቶ መፈለግ ጀመሩ። ያኒና እጇን ጠርጋ ደብተሩን አነሳችና «ይቅርታ ኢንጂነር፣ ይሄ የኔ ነው። ሰዎቹ የነገሩት ለኔ ነው» አለቻቸው። እርሳቸውም «አምጪ ነው የምልሽ! ካላስረከብሽኝ ምርቃት የሚባል ነገር በሕልምሽም እንዳታዪ፣ ዩኒቨርሲቲሽ ድረስ ነው የምሄደው» አሏት። ልጅቷ ደረጃውን የሚወጡትን መምህር በዓይኗ ተከተለች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ጎንበስ አለችና ደብተሩን ከትልቁ ድስት ሥር እሳቱ ውስጥ አስገባችው። አልወረወረችውም፤ እንጨት እንደሚጨምር ሰው ነው ያስገባችው። «ዝርዝር የለም» አለች።

አራት ልጆች ወልጄ አሳድጌአለሁ። በማንኛቸውም የዚያን ሰዓት ያህል ኮርቼ አላውቅም፤ ልጆቼ ይቅር ይበሉኝ።

ኢንጂነሩ ደብተሩን ከእሳት ለማውጣት እጃቸውን ሰደው ሁለት ጣታቸውን እሳት ለበለባቸው። በአቤቱታው ላይ የአካል ጉዳት የተባለው ይህ ነው። ማንም አልነካቸውም። እንዲያውም ዶኛ ኤውላሊያ «አይዞት ኢንጂነር፣ ድንቹን እንደሁ ያውቁታል» እያለች ጥሬ ድንች ቆርጣ በጣታቸው ላይ አሰረችላቸው። ድንቹን እንዳሰሩ ወረዱ።

መምህር ቅዳሜ ለምሳ አልመጡም። ምግብ ላኩላቸው፤ ሳይነካ ተመለሰልኝ። በጣም ፈራሁ። በዚያ ዕድሜ የተዋረደ ሰው በሩን ከዘጋ ማን ያስከፍተዋል ብዬ ስጨነቅ አድሬአለሁ።

እሁድ ኦገስት 14 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ሰዎች ለቆርኪ ግቢዬ ውስጥ ተሰበሰቡ። ያኒናም ይቅርታ ልትጠይቅና ልትሰናበት መጣች። ጽሑፏን ለማስረከብ አሥራ ሰባት ቀን ብቻ እንደቀራት፣ አቤቱታው ከጸና ደግሞ ከትምህርቷ እንደምትባረር ነገረችን። እየተላቀስን ሳለ መምህር አቢሊዮ ከረባታቸውን አስረው ገቡ። ተራቸው ሲደርስ «ዶኛ ማክሲሚና፣ ለኔ በሩን አይዝጉት» አሉኝ። ወደ ልጅቷም ዞረው «ሌላ ደብተር አለሽ?» አሏት። የላትም። ከጎረቤት የአንዲት ሕፃን የሒሳብ ደብተር ተለምኖ መጣ። «ጻፊ» አሏት። «አቢሊዮ ካንቶ ሪቬራ። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረ። ከዚህ ድስት ሳይከፍል ይበላል። የድንቹን ስም ተይው፤ እናቴ ያወጣችልኝ ስም ይበቃኛል።» ከዚያ ዓርብ በተቃጠለው ደብተር ላይ ከነበረው ጀምረው፣ ያልነገሯትንም ጨምረው፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ስንት ጊዜ እንዳመላለሳቸው ሳይቀር በሁላችንም ፊት ነገሯት። ሲጨርሱ ቆርኪያቸውን ከእጄ ወስደው፣ ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጡንና ሄዱ። ሰኞ ዕለት ሰልፍ ላይ ነበሩ።

ከእርሳቸው ቀጥሎ ዶኛ ኤውላሊያ ተቀመጠችና «በይ እንግዲህ፣ ሁዋይሮ አርጅቷል፣ በስሜ ጻፊኝ» አለቻት። ሁሉም በስሙ አልተናገረም፤ እንዲናገርም አልተጠየቀም። መደበቅ ለሚፈልግ በሩን ዘግቼለታለሁ፣ ያኒናም ስሙን አልጻፈችም። እስከ ትናንት ማታ ድረስ አርባ ሰባት ቤተሰብ እንደገና ነግሯታል። የቀሩት በዚህ ሳምንት ይነግሯታል። ጽሑፉ ለቀኑ ይደርሳል።

ደብተሩ የማን እንደነበር ተጠይቄ፣ ልጅቷ ከታች ካለው ሱቅ በገዛ ገንዘቧ ስትገዛው አብሬአት እንደነበርኩ፣ የማዘጋጃ ቤት ማህተምም እንዳልነበረበት መልሻለሁ። የማይከፍሉት ሰዎች ዝርዝር በእጄ ይገኝ እንደሆነ ተጠይቄ፣ በጭንቅላቴ ውስጥ እንዳለ፣ ለኢንጂነሩም ለዳኛም እንደማልናገር መልሻለሁ። ይህ ወንጀል ከሆነ መከሰስ ያለብኝ እኔ ነኝ። ተማሪ ያኒና ኦሬ የሠራችው ሥራ፣ አንድ ሶሻል ወርከር ሠራሁ ብሎ ሊኮራበት የሚገባ ሥራ ነው፤ ምርቃቷ እንዳይነካ እጠይቃለሁ።

ከላይ የሰፈረው ቃል ሁሉ በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት እውነት ነው። ምክትል ሳጅን ኡርቢና እንደ ደንቡ ቃሌን ሊያነብልኝ ፈልጎ ነበር፤ አልፈቀድኩለትም። ሦስቱን ገጽ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ራሴ አንብቤዋለሁ። አርባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል፤ ሳጅኑ ጠብቆኛል። እስከ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። ማንበብና መጻፍ ያስተማሩኝ መምህር አቢሊዮ ካንቶ ሪቬራ ናቸው። አላስከፈሉኝም።

የምስክሯ ፊርማ፦ ማክሲሚና ያራንጋ ቪልካ (በእጅ ጽሑፍ)
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ሬናቶ ኡርቢና
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡45