ፀሐይ ሲያይ ስለሚጠቁረው መነጽር ልብስ ሰፊው ተሻለ ይርጉ የሰጠው ቃል

በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ ደራሳ አውራጃ፣ ዲላ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ
ቀን፦ ጥር ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.፣ ከጧቱ ፫ ሰዓት
የምስክሩ ስም፦ አቶ ተሻለ ይርጉ ጂግሶ
ዕድሜ፦ ፴፬   ሥራ፦ ልብስ ሰፊ   ሃይማኖት፦ ፕሮቴስታንት
አድራሻ፦ ዲላ ከተማ፣ ከገበያው በላይ፣ በአውቶቡስ መንገድ ዳር
ተጠርጣሪ፦ አቶ ገብረኪዳን ደስታ፣ መነጽር ሻጭ
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ኃይለኢየሱስ ደምሴ

በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝ ስለ ጉዳዩ የማውቀውን እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

አቶ ገብረኪዳንን ያወቅሁት ባለፈው ኅዳር ፲፩ ቀን ሰኞ ነው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥቶ በሱቄ በረንዳ ላይ መነጽር እንዲሸጥ ጠየቀኝ። ጌዴኦኛ ስለማይችል ለገዢዎች እንዳስተረጉምለት ለመነኝ፤ ለድካሜም አንድ መነጽር በነጻ ሰጠኝ። መነጽሩ ቤት ውስጥ ነጭ ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲወጡ ግን ይጠቁራል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

አሻሻጡ እንዲህ ነበር። ዓይኑን የታመመ ሰው ሲመጣ ጥላ ውስጥ መነጽሩን ያጠልቅለትና ይዞት ወደ ፀሐይ ይወጣል። መነጽሩ ሲጠቁር አውልቆ ያሳየዋል። "ይኸው በሽታህን ስቦ አወጣው" ይላል፤ እኔም አስተረጉማለሁ። ዓይኑ መግል የያዘ ሰው ያወለቀውን መነጽር በኮቱ ጫፍ ጠረግ አድርጎ ለሚቀጥለው ሰው ያጠልቅ ነበር። አንድ ቀን በጨርቅ አጥቤ ላቀርብለት ብል "ገበያ ታስፈታለህ" ብሎ ነጠቀኝ። ያ የኮት ጫፍ መግል ደርቆበት እንደ እንጨት ቆሞ እያየሁ ምሳዬን መብላት ያቅተኝ ነበር። ቢሆንም ከበረንዳዬ አላስወጣሁትም።

ኅዳር ፲፰ ቀን የአባቴ እኅት ወይዘሮ ዘነቡ ጂግሶ ከደጋው ከቡሌ መጣች። የዓይን ማዝ ስላለባት ከጤና ጣቢያው የተሰጣትን ቅባት ትቀባ ነበር፤ ሕመሙም እየቀለላት እንደሆነ ነግራኝ ነበር። አቶ ገብረኪዳን እንደሌሎቹ አደረጋት። ቅባቱ መነጽሩን ከመሳብ ስለሚያግደው እንድትተወው፣ መነጽሩ መጥቆሩን እስኪያቆም ድረስም ቀን ቀን እንዳታወልቀው ነገራት። በግ ሸጣ ገዛችው፤ ቅባቱንም እዚያው ጥላ ሄደች።

በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ቀን፣ ሰዓቱ ወደ አምስት ገደማ፣ የተሰጠኝን መነጽር አውልቄ በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁትና ሰው ልለካ ገባሁ። ስመለስ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ደርሳ መነጽሩ ጠቁሯል። አንዲት የኮት ቁልፍ በአንዱ መስታወት ላይ ወድቃ ኖሮ ባነሳት ከሥሯ ክብ ነጭ ቦታ ቀርቷል። ማንም አላጠለቀውም። ከመነጽሩ ኋላ የታመመም ሆነ ጤነኛ ዓይን አልነበረም።

በዚያው ሰዓት መነጽሩን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያው ድሬሰር ወደ አቶ ወልደዮሐንስ ሄድሁ። በመስታወቱ ውስጥ በዓይን የማይታይ የብር ደቃቅ እንዳለ፣ ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚጠቁር፣ ጥላ ሲገባ ቀስ እያለ እንደሚነጣ አስረዳኝ። ብርድ ባለበት አገር ይበልጥ እንደሚጠቁርና ለመንጣትም እንደሚዘገይ ጨመረልኝ። "ሜዳ ላይ ለሚውል፣ ፀሐይ ለሚያስቸግረው ሰው ጥሩ ነው" አለኝ። "ለሾፌር እምብዛም አይረባም፤ ከመኪናው መስታወት ኋላ ብዙ አይጠቁርም። ለአንተም ቢሆን ከፀሐይ ገብተህ ወዲያው መርፌ ልትሰካ ብትል አያሳይህም። በሽታ ግን አይስብም፣ አያድንም።" ፀሐይ እስካለች ድረስ መጥቆሩን እንደማያቆም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አክስቴ የማይመጣ ቀን እየጠበቀች ነበር።

በማግስቱ ቡሌ ወጣሁ። ደጃፍ ላይ መነጽሩን እንዳጠለቀች ተቀምጣ አገኘኋት። በቡሌ ብርድ መስታወቱ ከሰል መስሏል። ሳወልቅላት ግራ ዓይኗን ነጭ ነገር ሸፍኖት ነበር። "ገና ይጠቁራል መሰለኝ፣ ልጄ። አላቋረጥሁም" አለችኝ። ደግፌ ዲላ ጤና ጣቢያ አስገባኋት። ቅባቱ ባይቋረጥ ኖሮ ዓይኗ ሊተርፍ ይችል እንደነበር፣ አሁን ቀኙን ለማዳን እንደሚሞክሩ አቶ ወልደዮሐንስ ነገረኝ።

ጥር ፩ ቀን አቶ ገብረኪዳንን ከበረንዳዬ ላይ፣ የአንዲት ሴት ዓይን ላይ መነጽር ሲያጠልቅ ያዝሁት። "አክስቴን አሳወርሃት" አልሁት። ፈገግ ብሎ "እኔ ጌዴኦኛ አልችልም። የነገርካት አንተ ነህ" አለኝ። ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ይርጋጨፌ በሚሄደው አውቶቡስ ሊሳፈር ሲል ፖሊስ ጠርቼ አስያዝሁት።

ሌላ የምጨምረው እንዳለ ስጠየቅ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ። አክስቴ ያን ቀን ቅባቱን ለመተው አመንትታ ነበር። የምታየውም እሱን ሳይሆን እኔን ነበር። ስታመነታ እሱ ያለኝ "ቅባቱን ተይው በላት" ብቻ ነው። "ሌሎች በዚህ ሲድኑ በዓይኔ አይቻለሁ" የሚለውን ቃል በጌዴኦኛ የጨመርሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ማንም በል አላለኝም። አንድም የዳነ ሰው አላየሁም ነበር። ሃምሳ አለቃ ኃይለኢየሱስ ይህ ቃል ከምስክርነት ወደ ተከሳሽነት ሊያዞረኝ እንደሚችል አስጠንቅቆኛል። እንዳልሁት ይጻፍ ብያለሁ። ያን ሰው እጸየፈዋለሁ፤ ያን ቃል ያወጣውን አፌንም ከእሱ ለይቼ አላየውም። አክስቴ እስከ ዛሬ አትወቅሰኝም፣ ቃሉ የእኔ ፈጠራ መሆኑን አላወቀችምና። ከዚህ እንደወጣሁ ወደ ተኛችበት እሄዳለሁ፤ ይህን በፍርድ ቤት ሳትሰማው ከእኔ እንድትሰማው።

ቃሌ በአማርኛ ተነቦልኛል። የቀነሰብኝም የጨመረብኝም የለም፤ ሁሉም እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተሻለ ይርጉ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ሃ/አለቃ ኃይለኢየሱስ ደምሴ