አርባ ደቂቃ ከበረዶ ውጭ

ይህን የአክስታችንን የሕይወት ታሪክ ያሰባሰበው የእህታቸው ልጅ ነው፤ ከዘመድና ከሥራ ባልደረቦች የሰማውን ከራሱ ትዝታ ጋር አገጣጥሞ የጻፈው በመሆኑ፣ የቀን ወይም የቅደም ተከተል ስሕተት ቢገኝበት ጥፋቱ የእሱ እንጂ የእሳቸው እንዳልሆነ አስቀድሞ ይናገራል።

አክስታችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በሦስተኛ ልጅነት ተወለዱ። እናታቸው በስኳር በሽታ ዓይናቸው ደክሞ መርፌያቸውን ማየት ሲሳናቸው፣ ገና በዘጠኝ ዓመታቸው ክሩን የሚያስገቡላቸው እሳቸው ነበሩ፤ ኋላም የሕክምና ላቦራቶሪ ትምህርት የመረጡት በዚሁ ምክንያት እንደነበር ይናገሩ ነበር።

ትምህርታቸውን ጨርሰው በአንድ ሆስፒታል በኮንትራት ተቀጠሩ። የአውቶቡስ ሾፌር ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው የመጀመሪያ ልጃቸውን በታቀፉበት ዓመት፣ በሴቶች ደም ውስጥ የስብ አሲድ ሲበዛ ሰውነታቸው ስኳርን መጠቀም ይቸግረው እንደሆነ የሚመረምር ጥናት ተጀመረ። ሃያ አራት ሴቶች ሳይበሉ አድረው ጠዋት ይመጣሉ፤ በአንድ ክንዳቸው ስኳር እየገባ ከሌላው በየሩብ ሰዓቱ ደም ይቀዳል። ደሙ ሞቅ ባለ ቦታ ከቆየ ስቡ ቱቦው ውስጥም መፈራረሱን ስለማያቆም፣ የአሲዱ መጠን ከእውነቱ በላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጣል።

አንድ ማለዳ የአንዲት ዳቦ ጋጋሪ ደም ከበረዶ ወጥቶ አርባ ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ውጤቱ ከሁሉም ልቆ ወጣ፤ የክፍሉ ኃላፊ ሐኪም ሲጠብቁት የነበረ ቁጥር ነበርና ፊታቸው በራ። ለሰኞ ጉባኤ የሚቀርበው ሪፖርት የቀረው የአክስታችን ፊርማ ብቻ ነበር፤ የቋሚ ቅጥራቸውን ደብዳቤ በዚያው ሳምንት የሚፈርሙትም እኚሁ ሐኪም ነበሩ። አክስታችን ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀቱን በቦርሳቸው ይዘው እየሄዱ ሳይፈርሙ ይመልሱት ነበር። ዓርብ ዕለት ግን ቢሮ ገብተው ቁጥሩ ውሸት መሆኑን ተናገሩ። ሐኪሙ ያንድ ሰው ደም ምን ያመጣል ብለው ቢቆጡም፣ አክስታችን ነገ በዚህ ቁጥር የሚታከሙ እናቶች አሉ ብለው ፍንክች አላሉም። ጋጋሪዋ ደግማ ሳትበላ እንድትመጣ ስትጠየቅ፣ «ምነው እታለም፣ እኔ ከዳቦ መሀል ቁጭ ብዬ ረሃቡን ስችል፣ የእናንተ ቱቦ አርባ ደቂቃ መቻል ያቅተው?» ብላ ክፍሉን በሳቅ ሞላችው። ሁለተኛው ውጤት ከፊተኛው ግማሽ በታች ሆነ። ሪፖርቱ ለሰኞ አልደረሰም፤ የቅጥሩ ደብዳቤም ሁለት ዓመት ዘገየ። ከዚያ ወዲህ ባልደረቦቻቸው «እሜቴ በረዶ» ይሏቸው ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ በኩላሊት ሕመም ሲረዱ ቆይተው፣ ከትናንት በስቲያ ማለዳ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ስፍራ ያሳርፍ፤ ለእኛም መጽናናቱን አይንፈገን።

ያን ማለዳ ደሙን የረሳችው ሌላ ባልደረባ እንደነበረች በቤተሰቡ ሲነገር ኖሯል፤ በዚህ ጽሑፍም መጀመሪያ እንደዚያው ሰፍሮ ነበር። ለማረጋገጥ ትናንት የዚያ ዘመን የሥራ መዝገብ ሲገለጥ፣ በዕለቱ ቀን ትይዩ በአክስታችን የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይነበባል፦ «ከበረዶ ያወጣሁትም፣ የረሳሁትም እኔ ነኝ።»