ቁጥር የተጻፈባቸው ድንጋዮች

ልጆች፣ ንገሪን ካላችሁኝ ልንገራችሁ። በዚያኛው መንግሥት ጊዜ ነው፤ ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚኒባስ ስሄድ፣ ከፊቴ ሸምገል ያሉ ገበሬና ጣቱን ቀይ ቀለም የነካው የባህል ጽሕፈት ቤት ልጅ ተቀምጠው ነበር።

«የጥንቱን ትምህርት ቤታችንን ድንጋይ ቀለም የቀባኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባቴ። ቁጥር ነው። ያዘመመውን ግድግዳ አፍርሰን እያንዳንዱን ድንጋይ ወደ ቦታው እንመልሰዋለን።»

«ልትመልሰው ታፈርሰዋለህ?»

«ቅርስ ነው እኮ፤ ዝም ከተባለ ይወድቃል።»

«እኛ ቀለም የምንቀባው የሚሸጥ በግ ነው። ገዥው ማነው?»

«ወላሂ፣ ገዥ የለም!»

«ሌባም ወላሂ ይላል። አባቴ በትከሻው ከወንዝ ያወጣው ድንጋይ ነው፤ አይሸጥም!»

«እኔም እንዳይጠፋ ብዬ ነው የምደክመው።»

«አትድከም። ትናንት አንተ እንደሄድክ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ከባለቤቴ ጋር በአመድ ፈትገን አጠብነው።»

«ሁሉንም?»

«አንድም አላስቀረንም።»

«ምነው አባቴ! ገና ወረቀት ላይ እንኳ አላሰፈርኩትም!»

«እንዲያ ነው እንጂ!»

እኔም በልቤ «ደግ አደረጉ» አልኩ፤ ግድግዳው ዳግም ቁጥር ሳይጻፍበት በዚያው ክረምት መውደቁን፣ የትኛው ድንጋይ የት እንደነበር የሚያውቅ ጠፍቶ በብሎኬት መሠራቱን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።