ሽማግሌ የመጣ ዕለት መሬት ቢንቀጠቀጥ

በ1974 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ ባሕር ዳር ወደብ አጠገብ ዝናብ ያዘኝና ከአንዲት የቆርቆሮ መጠለያ ሥር ገባሁ። መምህር ነኝ፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ያን ዕለት ያላረምሁትን የፈተና ወረቀት ታቅፌ ነበር። ከእኔ ቀድመው ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ ከአንዲት ሴት ጋር ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ወደ ሰባታሚት የሚወስደው መንገድ በየት በኩል ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መንገዱን ነገርኋቸው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «ለደግ ነው የሚሄዱት?» አልሁ።

«ለደግስ አይደለም» አሉ። «የጣና ደሴት የደቅ ሰው ነኝ፤ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ እባላለሁ። ይቺ ታላቋ ልጄ እናትዓለም ናት፤ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ የምትመራኝ እሷ ናት። ታናሿን የብርጓልን አንድ የሰባታሚት ልጅ ፈልጓት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ገና ነገሩን ሲጀምሩ መሬት ተንቀጠቀጠ። መደቡ ተነቃነቀ፤ ማሰሮ ወድቆ ተሰበረ። እግዚአብሔር አልፈቀደም ማለት ነው። አሁን አይሆንም ልላቸው መሄዴ ነው።»

«የብርጓልስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች፤ ታለቅሳለች።»

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መሬት የተንቀጠቀጠው በልጅዎ ጋብቻ ምክንያት አይደለም። መሬት ሁልጊዜም ይንቀሳቀሳል።»

«ምድርማ በፈጣሪ ቃል ጸንታ የቆመች ናት። እናንተ አዳዲሶቹ እግዚአብሔር የለም ስለምትሉ ነው እንዲህ የምትናገሩት።»

ንዴት ሽው አለብኝ። ግን በዚያ ዘመን አስተማሪው ሁሉ ካድሬ ይመስላቸው ነበርና አልፈረድሁባቸውም። «እኔም እሑድ እሑድ አስቀድሳለሁ» አልኋቸው። «ፈጣሪ አልሠራውም አላልሁም። እንዴት አድርጎ እንደሠራው ነው የማስተምረው።»

«እሺ፣ ምድር የምትሄድ ከሆነ ጉና ተራራ ለምን አይሄድም? አባቴም ያየው እዚያው፣ እኔም ያየሁት እዚያው።»

«ጉናን ያቆመው ራሱ ያ እንቅስቃሴ ነው» አልሁና ከእግሬ ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ አንሥቼ በእጃቸው አስያዝኋቸው። «እስቲ ይዳስሱት።»

በጣታቸው ደባበሱት። «ቀዳዳ ቀዳዳ አለው።»

«እንደ እንጀራ ዓይን ነው። ይህ ድንጋይ አንድ ጊዜ ቀልጦ ይፈስ ነበር፤ ቀዳዳው እንፋሎቱ የወጣበት ነው። የምንቆምበት የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም መሪጌታ። ተሰነጣጥቆ ብዙ ሰፋፊ ንጣፍ ሆኗል። ንጣፎቹ ከሥር ካለው ግለት የተነሣ በጣም በዝግታ፣ በዓመት ጥፍር የሚያድገውን ያህል ይሄዳሉ። በአፋር በኩል እርስ በርሳቸው እየተለያዩ ነው። ከሥር የመጣው ግለት ይህን ደጋችንን ሽቅብ ገፋው፤ በስንጥቁ የወጣው የቀለጠ ድንጋይ ደግሞ እየተደራረበ እነ ጉናን ሠራ።»

«ተራራ ሁሉ እንዲህ ነው?»

ጥያቄው ደስ አሰኘኝ። «ሁሉም አይደለም። ከህንድ አገር ሰሜን ሁለት ንጣፎች ይገፋፋሉ። ሁለት የደንገል ታንኳ አፍ ለአፍ ገጥመው ከኋላ በኃይል ቢገፏቸው ምን ይሆናሉ?»

«አፋቸው ተጣጥፎ ሽቅብ ይነሣል» አሉ ሳያስቡ። የደቅ ሰው የታንኳ ነገር አይጠፋውም።

«እዚያ ያሉት ትልልቅ ተራሮች እንደዚያ የተነሡ ናቸው። መሬት የሚንቀጠቀጠውም ተይዞ የቆየው ድንጋይ ድንገት ሲለቅ ነው። ሽማግሌ ይምጣ አይምጣ አያውቅም።»

መሪጌታ ድንጋዩን በእጃቸው እያገላበጡ ደጋግመው ዳሰሱት። ዝናቡ አባርቶ ሰዎች ከመጠለያው መውጣት ጀምረዋል። እኔ በክርክሩ ያሸነፍሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

«እንግዲያ ያኔም እንዲሁ ነበር ማለት ነው» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ለእናትዓለም ሽማግሌ የመጣ ዕለትም ተንቀጥቅጦ ነበር። ልጁ የጢስ ዓባይ ሰው ነው፤ ተክለ ጊዮርጊስ ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነበር። ከለከልሁት። ከዚያ ወዲያ ምድር የነቀፈቻት እያሉ የሚጠይቃት ጠፋ። እሱ ዛሬ የአምስት ልጆች አባት ነው።»

አፈርሁ። ይህን ትምህርት ዘጠኝ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው፣ ተማሪ ለፈተና ሲሸመድደው፣ ደቅ ድረስ ተሻግሬ ለአንድ ሰው እንኳ ነግሬ አላውቅም። የተራራን አፈጣጠር ማወቅ ለባላገር ምን ይረባል ይሉኝ ነበር፤ እኔም አይረባም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው ግድግዳውን በማገር ያጠብቃል፤ ከተሰነጠቀ ቤት ልጆቹን ያወጣል፤ ለድንጋይ ሥራ ሴት ልጁን አይቀጣም። ጥቅሙ ይኸው ነበር፤ እኔ ግን ዘግይቼ አደረስሁት።

«እናትዓለም፣ ሰማሽ?» አሉ መሪጌታ።

«ሰማሁ አባቴ።»

«አላወቅሁም ነበር እኮ ልጄ።»

እናትዓለም ወደ አባቷ ዞረች። «ያን ዕለት የተንቀጠቀጠው ደቅ በሙሉ ነው» አለች፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «የቄስ መርስዔ ኀዘን ልጅ ፅጌ ማርያምም ያኑ ዕለት ነው የታጨችው። ተዳረች፤ ስድስት ወለደች፤ ምንም አልሆነችም። ይህን ያኔውኑ ነግሬዎት ነበር።»

«ምን አልሁሽ?»

«ዝም በይ አሉኝ።»

እኔ ስንት ንጣፍና ስንት ተራራ ጠርቼ የደረስሁበትን እሷ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ታውቀው ኖሯል። የሚሰማት ግን አላገኘችም። መሪጌታ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አሁንስ ምን ላድርግ?»

«የብርጓልን ይዳሯት።»

«ለአንቺስ?»

«ለእኔ እንኳ አሁን የሚደረግ የለም» አለችና እጃቸውን ይዛ አስነሣቻቸው። ከዚያ በጭቃው ላይ ቀስ እያለች፣ ለእህቷ እሺ እንዲሉላት፣ ወደ ሰባታሚት መራቻቸው።