ሳይንጠባጠብ የሚያልቅ ውሃ

ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ቲማቲም ጭኖ ይጓዝ የነበረ መኪና፣ ሐሙሲትን እንዳለፈ ሞተሩ ጋለና መንገድ ዳር ቆመ። ባለንብረቷ እትዬ ሉባባ ወርደው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሟች ባለቤታቸው በሕይወት ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ መኪናውን የነዳውን አንዳርጋቸውን፣ ባሕር ዳር ሲደርሱ ቁልፉን እንዲያስረክብ አሁን ነግረውታል።

በዚህ መካከል በሞተር ሳይክል ያልፍ የነበረ ወጣት ቆሞ በትሕትና ሰላምታ ሰጠ። ኡበይዳ ይባላል፤ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ጥገና ያስተምራል። ያን ቀን የአጎቱን ትራክተር ጠግኖ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን እንዳነገተ መመለሱ ነበር።

እትዬ ሉባባ ብሶታቸውን ነገሩት። ራዲያተሩ በአዲስ ተለውጧል፤ የላስቲክ ቱቦዎቹም ተለውጠዋል፤ ውሃው ግን ማለቁን አልተወም።

“ማለዳ ማለዳ አጎንብሼ ከመኪናው ሥር አያለሁ ልጄ፤ መሬቱ ደረቅ ነው። ያልፈሰሰ ውሃ የት ይሄዳል? ይህ ሾፌር ሞላሁ እያለኝ ሳይሞላ ይነዳል እንጂ።”

“ነገርዎ መሠረት አለው እትዬ። ግን ማለዳ የሚያዩት ቀዝቃዛ ሞተር ነው። ቀጭን ስንጥቅ ያለው ጀሪካን ዝም ብሎ ሲቀመጥ አያፈስም፤ ሲጨምቁት ነው የሚያነባው። ሞተርም ሲግል ውሃው ይታመቅና መውጫ ይፈልጋል። የወጣውን ደግሞ ማራገቢያው ይበትነዋል፤ የጋለው ብረት ያደርቀዋል።”

እትዬ ሉባባ፣ ለአጥፊ ተሟጋች ጠፍቶ አያውቅም ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ቲማቲሙ በፀሐይ ከሚበላሽ አሁኑኑ የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ውሃ ይጨመር ሲሉም አዘዙ። አንዳርጋቸው እጁን ሲዘረጋ ኡበይዳ ያዘው።

“የጋለ ራዲያተር ሲከፈት የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይረጫል። ቲማቲም ይተካል፤ ዓይን አይተካም።”

ሰው ሲቸገር ምክንያት ከመፈለግ ጥፋተኛ መፈለግ ይቀለዋል። ጥፋተኛ ስም አለው፣ ፊት አለው፤ ምክንያት ግን አጎንብሰው ካልፈለጉት አይገኝም። እትዬ ሉባባም ክፉ ሴት አልነበሩም፤ የሚያጎነብሱበትን ጊዜና ቦታ ሳያውቁ ቀርተው ነው።

ሞተሩ ሲበርድ ኡበይዳ መጀመሪያ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘዘ። ዘይቱ ወተት መስሎ ቢገኝ ውሃው ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነበር፤ ዘይቱ ግን ንጹሕ ነበር። አንዳርጋቸውም ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ ሲገባ የሚታየው ነጭ ጭስ ከጭስ ማውጫው ወጥቶ እንደማያውቅ ነገረው። ከዚህ በኋላ ውሃ ሞልተው፣ ወጣቱ በክዳኑ ፋንታ የግፊት መለኪያ ሰዓት ያለውን የእጅ መንፊያ ገጠመና ነፋ። የሰዓቱ መርፌ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶም በዝግታ መውረድ ጀመረ፤ ውሃው በሆነ ቦታ እየወጣ ነበር።

“ይምጡ እትዬ፤ እዚህ ይመልከቱ።”

ከውሃው ፓምፕ ሥር፣ ነጭ ዝቃጭ ከደረቀባት ትንሽ ቀዳዳ፣ ውሃ ጠብ ጠብ ይል ነበር። እትዬ ሉባባ የነጠላቸውን ጫፍ ሰብስበው አጎንብሰው ተመለከቱ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ሾፌሩ ዞሩ።

“በድዬሃለሁ አንዳርጋቸው። ይቅር በለኝ።”

“እግዜር ይቅር ይበለን” አለ እሱ፤ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ግን ዓይኑ እርጥብ ነበር።

እያሳረፉና ውሃ እየጨመሩ ቀስ ብለው ባሕር ዳር ገቡ፤ ቲማቲሙም ጥቂቱ ብቻ ተበላሽቶ ተሸጠ። ፓምፑ ተለወጠ። በኡበይዳ ምክር የቦይ ውሃ መሙላት ቀርቶ፣ ብረት እንዳይዝግ የሚያደርገው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ገባ። መኪናው ከዚያ ወዲህ ጭነት ይዞ መንገድ ላይ አልቆመም፤ አንዳርጋቸውም መሪው ላይ ሆኖ ማንጎራጎር ጀምሯል።

በክረምቱ መግቢያ ከእትዬ ሉባባ የእህል መጋዘን ሩዝ ጎደለ። የመጋዘን ጠባቂዋ ሰሚሐ ስድቡን እየጠበቀች ቆማ ሳለ፣ እትዬ ሉባባ ተንበርክከው ጆንያዎቹን ከሥር ያገላብጡ ጀመር። አይጥ የበላችውን ቀዳዳ ሲያገኙም ፈገግ ብለው፣ “መርፌና ክር አምጪልኝ ልጄ” አሏት።