ከወለሉ በታች ያለው ቀይ መስመር

ሐጂ ወህባ፣ የድርጅታችን ባለቤት፣ እናንተም ልጆች፣ ዝም በሉና ስሙኝ። ሠላሳ ዓመት ሻይ ሳመላልስላችሁ አንድ ቀን ንግግር አድርጌ አላውቅም። ዛሬ፣ በተፊዳ መሸኛ ላይ፣ አደርጋለሁ።

ኢንጂነር ተፊዳ የመጣች ቀን ረጅም ማስመሪያና ባለቀለም እርሳሶች ታቅፋ ነበር። ልብስ ሰፊ መሰለችኝ። «እህቴ፣ የልብስ ስፌቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው» ብዬ መለስኳት። ጥቂት ቆይታ ብቅ አለች። «አጎቴ፣ ሰፊው አልቀጥርሽም አለኝ፤ እናንተስ?»

ጠባይዋን ታውቁታላችሁ። ሻይዋ ላይ አራት ስኳር ታስጨምርና «ሐኪም ከልክሎኛል፣ ድምፅ ሳታሰማ አማስለው» ትላለች። አንዱ «ሥራው ሊያልቅ ነው» ካላት እርሳሷን ትቀስራለች። «ሊያልቅ ብሎ ነገር አላውቅም! አልቋል ወይስ አላለቀም?»

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እሷ ግድግዳ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት ግን አነባለሁ። የቀረው ሥራ በመስመር ይሰመራል፤ ልጆቹ ሲሠሩ መስመሩ ይወርዳል፤ ግርጌውን፣ ወለሉን፣ ሲነካ የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ለደንበኛው ይሰጣል። የአውቶቡስ ትኬቱ ፕሮግራም ሲጀመር መቶ ሃያ ሥራ ነበረው። በስድስት ሳምንት እነዚህ ልጆች ሰባውን ጨረሱ። ሥራ አስኪያጃችን ኡስታዝ ራኡፍ ደግሞ በዚያው ስድስት ሳምንት ደንበኛውን «እሺ፣ እሺ» እያለ ስድሳ አዲስ ሥራ ጨመረበት። ከዚያ መጥቶ ጮኸ። «መቶ አሥር ቀርቷል? በስድስት ሳምንት አሥር ሥራ? ተኝታችሁ ነው!»

ተፊዳ ከወለሉ በታች ሌላ መስመር በቀይ አሰመረች፤ አዲሱ ስድሳ ሥራ ወለሉን ወደ ታች ገፍቶታልና። «ከላይ የወረደው የልጆቹ ላብ ነው። ከታች የወረደው ያንተ እሺታ ነው» አለችው።

«አጥፊው!»

«አላጠፋም።»

ወረቀቱን ቀደደው። እኔን «ጣለው» አለኝ። ሥራውን ያዘገየችው ተፊዳ ናት ተብሎም መዝገቧ ላይ ተጻፈ። ይኸው፣ ስሟ ጠፍቶ ልትወጣ ነው!

ነውር ነው! ካይሮ ውስጥ ፎቅ ላይ ፎቅ ሲቀጠል እያየን ነው ያረጀነው። ጋዝ ተሸክሜ አምስተኛ ፎቅ ስደርስ ስድስተኛና ሰባተኛ ቢቀጥሉብኝ፣ ጥፋቱ የእግሬ ነው? እኔ መትዋሊ ሰነፍኩ ይባላል?

ኡስታዝ ራኡፍ፣ ወዴት ነው? ይቀመጡ እንጂ፣ ሻይዎን አልጨረሱም።

አልጣልኩትም። ይኸው፣ በሙጫ ገጣጥሜዋለሁ። ሐጂ፣ መነጽርዎን ያድርጉና ይዩት። ቀዩን መስመር ማን እንዳወረደው ይጠይቁ፤ ከዚያ የተጻፈባትን ያስፍቁላት። እስኪፋቅ ድረስ ወረቀቱ ሻይ ማፍያ ክፍሌ በር ላይ ይለጠፋል። ካስቀየምኳችሁ እኔንም አብራችሁ ሸኙኝ።

ተፊዳ እህቴ፣ አንድ ቀን ትሪዬን አስቀምጠሽ መስመሩን በጣቴ አስከተልሽኝ። «አየህ አጎቴ መትዋሊ፣ አነበብክ» አልሽኝ። በሰባ ዓመቴ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። አመሰግንሻለሁ።

በሉ ብርጭቆ አንሱ! ዛሬ ለሁላችሁም አራት አራት ስኳር ነው። ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፤ ከእንግዲህ የምትወጪው የቤትሽን ደረጃ ብቻ ይሁን፤ ማንም ፎቅ አይቀጥልብሽ!